ያልለካኋቸው 14 ብሎኖች፦ ስለ ሥራና ስለ ኢሕሳን



በቅርቡ ከደርስ በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን አስቆመኝና «መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ድርጅቱ የእኔ አይደለም፣ አለቃዬም አያየኝም። አሳምሬ ብሠራ ምን አገኛለሁ?» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር «ኢሕሳን ነዋ!» ብዬው ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ያ መልስ አልነበረም። እስቲ እዚህ ልሞክር።

የዛሬ 9 ዓመት፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ከፍ ብሎ የተገጠመ የብረት መተላለፊያ እንድፈትሽ ተላክሁ። 64 ብሎኖች ነበሩት። እያንዳንዱን በቶርክ መፍቻ ለክቼ፣ በቀለም ምልክት አድርጌ ቅጹን መሙላት ነበረብኝ። 50ውን ለካሁ። የቀሩት 14 ጥግ ላይ ናቸው፤ መሰላሉን ማዞር ይጠይቃል፣ መሽቷል፣ ዕለቱም ዓርብ ነው፣ የገጠሙት ሰዎች ደግሞ ጎበዞች ናቸው። ሳልለካቸው ምልክቱን ቀባሁላቸው፤ ሁሉም ላይ «ተረጋግጧል» ብዬ ፈረምኩ።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ 14ቱን ለካሁ። ሁሉም በልካቸው ጠብቀዋል። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ማንም አልተጎዳም፣ አንድም ብሎን አልላላም። ታዲያ ምን አጠፋሁ?

ቆይቶ የገባኝ ይህ ነው። ፊርማዬ ምስክርነት ነበር፤ ያላየሁትን አየሁ ብያለሁ። ብሎኖቹ ጠብቀው መገኘታቸው የገጣሚዎቹ ሥራ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ሻጩን እንደጠየቁት ሙስሊም ዘግበውታል። የዛሬ ሥራችን አብዛኛው የሌላ ሰው እጅ የማይገባበት ክምር ነው። በመተላለፊያው ላይ የሚሄድ ሰው መፍቻ ይዞ አይዞርም፤ አምኖ ይረግጣል። አማና ማለት ይኸው ነው።

በሱረቱ ሰበእ (34፡10-11) አላህ (ሱ.ወ) ለዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳለዘበላቸው፣ ጥሩር እንዲሠሩና ገመዱን እንዲመጥኑ እንዳዘዛቸው እናነባለን። ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ብረቱን ማለዘብ ተዓምር ሆኖ ሳለ ልኬቱ ግን ለእሳቸው መተዉ ነው። ሙፈሲሮች ሲያብራሩት ሚስማሩ ቀጥኖ እንዳይላላ፣ ወፍሮም ቀለበቱን እንዳይሰብር ማለት ነው ይላሉ። ብሎንም እንዲሁ ነው። ሲጠብቅ በጥቂቱ ይሳባል፤ እንደ ሞላ ሊመለስ ሲል ሁለቱን ብረት ጨምቆ ይይዛል። ካነሰ ንዝረት ይፈታዋል። ከበዛ ተስቦ ይቀራል፣ ሊበጠስም ይችላል። ስለዚህ ኢሕሳን ማብዛት ወይም ያለማቋረጥ ማሳመር አይመስለኝም። ልኩን ማወቅና ልኩ ላይ መድረስ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ በሀገራችን «ቀጥቃጭ» እና «ሸማኔ» ስድብ ሆነው ኖረዋል። በደጋው አገር የመሬት ርስት የተነፈጉ ሙስሊም አባቶቻችን ብዙዎቹ የኖሩት በሽመናና በንግድ ነበር። ብረት የሚሠራ ነቢይ እንዳለ የሚያምን ሰው በቀጥቃጭ ሲስቅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እስካሁን አልገባኝም።)

አሁን ወደ ወንድሜ ጥያቄ። አለቃህ ከበደለህ መብትህን ጠይቅ፤ የተሻለ ካገኘህም ልቀቅ። ኢሕሳን ለድርጅት መገዛት አይደለም። አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ የሚናገረው፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ምሳሌ አድርጎ የሚያነሳው ለእርድ ቢላን መሳልን ነው። የሚታረደው እንስሳ ደሞዝ አይጨምርልህም፣ አያመሰግንህም፣ ስምህንም አያውቅም። ግን ቢላህ ቢደነዝዝ የሚሰቃየው እሱ ነው።

ያን ሰኞ ጠዋት መጋዘኑ በር ላይ የሌሊት ፈረቃ ሲወጣ ደረስኩ። ነጠላቸውን በካፖርት ላይ የደረቡ ሁለት የሀገራችን እናቶች ነበሩበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከመተላለፊያው ሥር ዕቃ ሲለዩ ያደሩ። ዓርብ ስፈርም ስለ ድርጅቱና ስለ አለቃዬ ነበር የማስበው፤ እነሱ ትዝ አላሉኝም።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ስላጣደፍኩህ አፉ በለኝ።

ወላሁ አዕለም።