«ቀደር ነው» ከማለታችን በፊት



ውድ አንባብያን፣ በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ጥያቄ በየቤቱ ያለ ነገር ግን በአደባባይ ብዙም የማይነገር ነው። እርግዝናዋ አስጊ የሆነባት ሴት ለየትኛው ሐኪም ትታይ? ሐኪሙንስ የሚመርጥላት ማነው? እርሷ ናት፣ ባሏ ነው፣ አማቷ ናት ወይስ የሠፈር ሽማግሌ? ነገሩ የሕክምና ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሐኪሞች ትተንላቸው ባለፍን ነበር። ነገር ግን የአማና ጥያቄ ነው፤ ከአማናም ውስጥ የሁለት ነፍስ አማና ነው።

ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የእናቴ ታናሽ እህት እዚያ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ፊቷና እጆቿ አበጡ፤ «ወዝ ሰጣት» ተባለ። ራሷን ፈለጣት፤ «ምች ነው» ተብሎ ዳማ ከሴ ተጨመቀላት። «ዓይኔ ብዥ አለብኝ» አለች፤ «ተኚ ይለቅሻል» ተባለች። በሦስተኛው ሌሊት ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀች፣ ራሷንም ሳተች። ይህን ጊዜ ቤቱ በሙሉ «ጂን ነው» አለ። እስኪነጋ ድረስ ተቀራባት።

እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርኩ። ከደጅ ሆኜ የወንዶቹን ምክክር እሰማ ነበር። አንዱ «ወንድ ሐኪም ገላዋን አያይም» አለ። ሌላው «ከተወሰደችስ አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ትልቅ ሐኪም አለ» አለ። ሦስተኛው ስለ ገንዘብ ተናገረ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል መኖሩን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አሁን እንነሣ አላለም። ሲነጋ በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ መኪናው መንገድ ወጣን። መኪናው ሳይመጣ አክስቴ ከነጽንሷ ወደ አላህ ሄደች። በቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ሁሉ «ቀደር ነው» አለ።

አዎን፣ ቀደር ነው። በዚህ ላይ ሙስሊም አይከራከርም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። ቀደርን የጠራነው ያለብንን ሠርተን ነው ወይስ ያልሠራነውን ልንሸፍንበት?

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ በተባለው ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ቆረጡ። ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር መሄዳቸው እንደሆነ አስረዱ። የዚህ ታሪክ ትምህርት ግልጽ ነው። በሽታው ቀደር ከሆነ ሐኪሙም ቀደር ነው፤ መንገዱም፣ መርፌውም፣ የሐኪሙ ዕውቀትም የአላህ ቀደር ናቸው። ቀደር የሚባለው ሰበብ ከተደረሰ በኋላ ልብን ለማጽናናት እንጂ ከሰበቡ በፊት እግርን ለማሰር አይደለም። በዚያ ሌሊት የተቀራው ቁርኣን አክስቴን አልጎዳትም፤ ሺፋ ነው። የጎዳት እኛ ቂርኣቱን በመኪናው ፈንታ ማስቀመጣችን ነው። ቁርኣን እየተቀራ መንገድ መሄድ ይቻል ነበር።

ለመሆኑ ያ ጂን የተባለው ምን ነበር? ከሃያኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ በአንዳንድ እናቶች ላይ የደም ግፊት ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከሆድ በላይ በኩል የሚሰማ ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። ካልተያዘ እናቲቱን ያንዘፈዝፋታል፤ ይህም ኤክላምፕሲያ ይባላል። መከላከያው ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለ፣ ዋጋው ውድ ያልሆነ መድኃኒት ነው። በ33 አገሮች ከአሥር ሺህ በላይ እናቶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህ መድኃኒት መንዘፍዘፉን በግማሽ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የመጨረሻው መፍትሔ ግን ማዋለድ ነው፤ አንዳንዴም በኦፕራሲዮን። እንግዲህ አንዲት እናት በደም ግፊት መለኪያና በሽንት ምርመራ የሚታወቅ ነገር በጂን ስም ሲገድላት ኃላፊነቱ የጂን ብቻ ሊሆን ነውን?

ወደ ሐኪሙ ምርጫ እንመለስ። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው ቆስሎ ሁለት ሰዎች እንዲያክሙት ተጠሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከሁለቱ በሕክምና የሚበልጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ኢብኑል ቀይም በዛዱል መዓድ ይህን ይዘው በየሙያው የበለጠ አዋቂውን መፈለግ እንደሚገባ አስተምረዋል። ልብ እንበል፤ ጥያቄው ስለ ዘሩ፣ ስለ ዝናው ወይም ስለ ዘመድነቱ አልነበረም። ስለ ዕውቀቱ ነበር።

ታዲያ «ወንድ ሐኪም አያየኝም» ስለሚለው ምን እንላለን? ሐያእ ከኢማን ነው። ሴት ልጅ በሴት ሐኪም መታየት መፈለጓ የሚከበር መብቷ ነው። ነገር ግን ዑለሞች ጉዳዩን ያለ መልስ አልተዉትም። የዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ ቅደም ተከተሉን አስቀምጧል። በቅድሚያ በመስኩ የሠለጠነች ሙስሊም ሴት ሐኪም፣ እርሷ ካልተገኘች የምትታመን ሙስሊም ያልሆነች ሴት ሐኪም፣ ቀጥሎ ሙስሊም ወንድ ሐኪም፣ እርሱም ከታጣ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ሐኪም ታያታለች ወይም ያያታል። ወንድ ሲያያት ለሕክምናው ከሚያስፈልገው በላይ ገላዋ አይገለጥም፤ ባሏ ወይም መሕረሟ ወይም የምትታመን ሴት አብራት ትሆናለች። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንዘላት አንዲት ቃል አለች፤ «በመስኩ የሠለጠነች» የምትለዋ። ሴት መሆኗ ብቻ አልበቃም። ኦፕራሲዮን ለሚያስፈልጋት እናት ኦፕራሲዮን የማትችል ሴት ሐኪም ብትቀርብ በዚህ መስክ ሐኪም እንደሌለች ይቆጠራል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሴት ሰሓቦች ከዘመቻው ጋር ወጥተው የቆሰሉ ወንዶችን ያክሙ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል። ችግር ሲመጣ ዲናችን በር ከፍቷል፤ በሩን የዘጋነው እኛ ነን።

ደግሞም ነገሩን ወደ ራሳችን እናዙረው። ሚስቶቻችንን ሴት ሐኪም እንድታያቸው የምንፈልግ ከሆነ ያቺ ሴት ሐኪም የማን ልጅ ትሁን? ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ሕክምና ፈርዱ ኪፋያ መሆኑን ከገለጹ በኋላ በዘመናቸው በብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም እንደሚጠፋ፣ ሰዉ ግን ለክርክር በሚሆነው ዕውቀት ላይ እንደሚሻማ በምሬት ጽፈዋል። ሴት ልጁን ከስምንተኛ ክፍል አስወጥቶ የሚድር አባት የልጁ ሚስት በምጥ ስትያዝ ሴት ሐኪም ጥሩልኝ ቢል ያልዘራውን ሊያጭድ መፈለጉ ነው።

የገጠሩን ስሕተት ካነሳን የከተማውንም እናንሳ። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ትክክለኛው ሐኪም ማለት ስመ ጥሩው፣ ክሊኒኩ ያማረው፣ ለመታየት ወር ተራ የሚያስጠብቀው ይመስለናል። ነገር ግን ያ ስመ ጥር ሐኪም ምጡ በሌሊት ሲመጣ ይገኛልን? በሚሠራበት ቦታ የኦፕራሲዮን ክፍል አለን? ደም ይገኛልን? ቀኑ ሳይደርስ ለሚወለድ ሕፃን የሙቀት ክፍል አለን? ከአቅሙ በላይ ሲሆንስ ወዴት ነው የሚልከው? እነዚህን ጥያቄዎች በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ሐኪሙን መናቅ አይደለም። እውነተኛ ሐኪም አይቆጣባቸውም። በሕክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሆነ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ተዘግቧልና አቅሙን የሚያውቅ ሐኪም ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ ጉዳይ ነው። እርሷም ይጁቤ ናት። እንደ አክስቴ የመጀመሪያዋ ነበር። ገና በሦስተኛ ወሯ ጤና ጣቢያ ሄዳ የቤተሰቡን ታሪክ ተናገረች። አዋላጅ ነርሷ ግፊቷን ለክታ፣ ሽንቷን አስመርምራ «እንዲህ ያለ ታሪክ ያላት እናት በሐኪም መታየት አለባት» ብላ ላከቻት፤ ሐኪሙም በየቀኑ የምትወስደው ትንሽ አስፕሪን አዘዘላት። በስምንተኛው ወር ግፊቷ ከፍ አለ። ያን ጊዜ ነርሷ ያለችው አጭር ነበር፤ «ይህ የኔ አቅም አይደለም፤ ዛሬውኑ ደብረ ማርቆስ ሂጂ።» ከዘመዶች አንዱ ስልክ ደውሎ አዲስ አበባ ትምጣ አለ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው! ልጅቱ ራሷ «ቅርብ ያለው ይሻለኛል» አለች፤ ባሏም ሰማት። በማርቆስ ወንድ ሐኪም በኦፕራሲዮን አዋለዳት፤ ባሏ ከደጅ፣ እናቷ ከአጠገቧ ነበሩ። ሕፃኗ ጥቂት ሳምንት በሙቀት ክፍል ቆይታ ወጣች። አልሐምዱሊላህ።

እንግዲህ ትክክለኛው ሐኪም ማን ነበር? ኦፕራሲዮኑን የሠራው ሐኪም ባለውለታችን ነው። በኔ ግምት ግን ከሁሉ በፊት ትክክለኛዋ ሐኪም «የኔ አቅም አይደለም» ያለችው ነርስ ናት። ያን ቃል ለመናገር ዕውቀትም አላህን መፍራትም ይጠይቃልና። ሁለተኛዋ ራሷ ነፍሰ ጡሯ ናት። ሕመሟን ተናገረች፤ ተሰማችም። አክስቴም ተናግራ ነበር፤ «ዓይኔ ብዥ አለብኝ» ብላን ነበር። የሚሰማት አላገኘችም እንጂ።

አገራችን በዚህ ረገድ መንገድ መጓዟን መካድ አይገባም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። በጤና ተቋም የሚወልዱት በ2000 ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይሁንና ቁጥሩ የሚያጽናናው የተረፈችውን ቤት እንጂ የሞተችውን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም መንገድ ሲዘጋና አምቡላንስ ሲስተጓጎል ነፍሰ ጡር እናት ቀድማ የምትጎዳ መሆኗን አሳይቶናል። መንገድ የማይታመንበት ጊዜ ላይ አስጊ እርግዝና ያላት እናት ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም። ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል አጠገብ ማረፍ አለባት። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያሉ እናቶችን በማቆያ ቤት እያሳረፈ ብዙዎችን አትርፏል። በየጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ የተሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ ነው የከተማ አንባቢዎች ዕዳ የሚመጣው። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቤት ያለን ሰዎች ከገጠር ለምትመጣ ነፍሰ ጡር ዘመዳችን ለአንድ ወር አንድ ክፍል መልቀቅ ያቅተናልን? ለቀብር ድንኳንና ቃሬዛ የሚያዘጋጀው እድራችን ለምጥ የሚሆን የመኪና ገንዘብ ለብቻው ቢያስቀምጥ ምን ይጎድልበታል? ደም ስንሰጥ እኮ ማንነቷን የማናውቃት እናት በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ትድናለች። አንዲትን ነፍስ ሕያው ያደረገ የሰው ልጆችን በሙሉ ሕያው እንዳደረገ መቆጠሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ የቀረን ገንዘባችንንና ቤታችንን ይዘን መምጣት ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በቤታችሁ ያረገዘች ካለች ዛሬውኑ ጠይቋት። ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ እንዴት ነው? ግፊትሽ መቼ ተለካ? ደም ታይቶሻል? ቀድሞ በኦፕራሲዮን ወልደሻል? መልሷን አድምጡ፤ ወደሚያውቅ ሰውም ውሰዷት። ሰበቡን አድርሳችሁ የአላህ ውሳኔ በሌላ መንገድ ከመጣ ያን ጊዜ «ቀደር ነው» በሉ፤ ቃሉም ልባችሁን ያረጋጋል። እኛ ከአክስቴ ቀብር ስንመለስ ያልነው «ቀደር ነው» ግን እስከ ዛሬ ልቤን አላረጋጋውም።

አላህ ለእርሷ ይዘንላት፤ እኛንም ይማረን። ወሏሁ አዕለም።