777 ከማለትህ በፊት

ልጄ፣ የላክህልኝን ስክሪንሾት አየሁት። የሠራኸው ድረ ገጽ ቀለሙም ሥዕሉም ጠፍቶ ጽሑፉ ብቻ ነጭ ገጽ ላይ ተደርድሯል። ኮዱ ላይ ስህተት ፈልገህ አጣህ፤ ቴሌግራም ላይ ስትጠይቅ «ፐርሚሽን ነው፣ 777 አድርገው» አሉህ፤ ፎልደሩን አደረግኸው፤ ምንም አልተለወጠም። አሁን ደግሞ ሆም ፎልደሬን በሙሉ 777 ላደርገው ነው ትላለህ። ቆይ እስቲ።

ፐርሚሽን ነው ያሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም። የትኛው ፐርሚሽን እንደሆነ ግን አልነገሩህም። አንተ በምትሠራበት ሊኑክስ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የመጀመሪያው የጥንቱ ነው፤ ከዩኒክስ የወረስነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ። እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው፣ ግሩፕ አለው፣ የቀረው ሰው ሁሉ ደግሞ «ሌላ» ተብሎ ይመደባል። ለሦስቱም ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 እየተባለ ይደመራል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ሰባት ስትል በዚያ ኮምፒውተር ላይ አካውንት ያለው ሰው ሁሉ ፋይልህን ያንብብ፣ ይለውጥ፣ ያስኪድ ማለትህ ነው። ለተራ ፋይል 644 ይበቃል፤ ለፎልደር 755፤ ሰው እንዲያየው ለማትፈልገው ፋይል 600። ያደረግኸውን ስትመልስ ታዲያ ፋይሉንና ፎልደሩን ለየብቻ አድርግ። በአንድ ትዕዛዝ ሁሉንም 644 ካልከው ፎልደሮቹ 1ን ያጣሉ፣ 1 የሌለው ፎልደር ውስጥ ደግሞ ራስህም መግባት አትችልም። ሆም ፎልደርህን በሙሉ 777 ብታደርገው ኖሮ ቀድሞ የሚያኮርፍህ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝህ ኤስኤስኤች ነበር፤ የግል ቁልፍህ ለሌላ ሰው ክፍት ሆኖ ካገኘው በዚህ ቁልፍ አልገባም ብሎ እምቢ ይላል። እኔ እንኳ ደግ ያደርጋል ባይ ነኝ።

ይህ የጥንቱ ሥርዓት ሰውን ከሰው ይለያል እንጂ ፕሮግራምን ከፕሮግራም አይለይም። በእሱ ብቻ የምንሄድ ከሆነ አንተ የከፈትኸው ፕሮግራም ሁሉ አንተን ሆኖ ነው የሚሠራው። ከየትም አውርደህ የጫንኸው የካርታ ጨዋታ እንኳ አንተ ማንበብ የምትችለውን ሁሉ ያነባል፤ የባንክ ደረሰኝህንም፣ የፓስፖርትህን ስካንም። ብዙ ሰው አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሚጋራበት ዘመን የታሰበ ነገር ነው፤ ያኔ የሚፈራው ጎን ተቀምጦ የሚሠራው ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ላፕቶፑ ያንተ ብቻ ነው፤ የሚያሰጋህ ራስህ የጫንኸው ፕሮግራም ነው።

ለዚህ ነው ሁለተኛው ፈቃድ የመጣው። ፋየርፎክስህን የጫንኸው ፍላትሃብ ከሚባለው የፕሮግራም ማከማቻ ነው፤ ስለዚህ ፍላትፓክ በሚባለው መንገድ የተጫነ ነው ማለት ነው። ፍላትፓክን አሌክሳንደር ላርሰን የሚባል የሬድ ሃት ባለሙያ ነው የጀመረው፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፣ ከዚያ በፊት ኤክስዲጂ አፕ ይባል ነበር። በዚህ መንገድ የተጫነ ፕሮግራም ሳንድቦክስ ውስጥ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ የሚያየውም የተፈቀደለትን ፎልደር ብቻ ነው። ያልተፈቀደለት ደግሞ ለእሱ ከነጭራሹ የለም። የሌለ ፋይል ላይ 777 ቢጻፍ ምን ይረባል? ፋየርፎክስ ከፍላትሃብ ሲመጣ ከግል ፋይሎችህ የሚያየው ዳውንሎድ ፎልደርህን ነው፤ የድረ ገጽህ ፎልደር ያለው ግን ዶኩመንትስ ውስጥ ነው።

ታዲያ ጽሑፉስ እንዴት ታየ? የራስህን ስክሪንሾት መልሰህ እየው። የአድራሻ መስመሩ ላይ «ራን»፣ «ዩዘር»፣ 1000፣ «ዶክ» ከሚሉት በኋላ ትርጉም የሌላቸው ፊደላትና ቁጥሮች አሉ። 1000 ያንተ የተጠቃሚ ቁጥር ነው። የቀረው ደግሞ ፖርታል የሚባለው አገልግሎት የሰጠው ጊዜያዊ ዱካ ነው። ፋይል ስትመርጥ የሚከፈተውን መስኮት የሚከፍተው ፋየርፎክስ አይደለም፤ ከሳንድቦክሱ ውጭ ያለው ፖርታል ነው። አንተ የመረጥኸውን ያን አንድ ፋይል ብቻ ወስዶ ለፕሮግራሙ ያቀብላል። ወንፊት ሊዋስ የመጣ ጎረቤት ጓዳ አይገባም፣ ወንፊቱ በር ላይ ይሰጠዋል፤ እንደዚያ በለው። ከፋይል ማኔጀሩ ድርብ ክሊክ ስታደርግም የሚሆነው ይኸው ነው። አንተ ያቀበልኸው የኤችቲኤምኤሉን ፋይል ነው። ቀለሙን የያዘው ሲኤስኤስና ሥዕሎቹ አጠገቡ ቢሆኑም አልተመረጡም፣ ስለዚህ አልተሰጡም። ፊልም ተከፍቶ አጠገቡ ያለው ሳብታይትል አልመጣ ሲልህም ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ለአንድ ፋይል አንድ ፈቃድ፣ ያውም ሴቲንግ ሳትነካ። የሚያስቸግረው ያንተን የመሰለ፣ አንዱ ፋይል ሌላውን የሚጠራበት ሥራ ሲመጣ ነው። ለዚያ ፍላትሲል የሚባለውን ፕሮግራም ጫን። በግራ በኩል የፍላትፓክ ፕሮግራሞችህ ዝርዝር ይመጣል፤ ፋየርፎክስን ነካና «ፋይልሲስተም» እስከሚለው ክፍል ውረድ። መጀመሪያ ላይ የምታያቸው ማብሪያ ማጥፊያዎች ያጓጓሉ፤ አንዱ ከሞላ ጎደል ኮምፒውተሩን በሙሉ፣ ሌላው ሆም ፎልደርህን በሙሉ ይከፍታል። እለፋቸው። ከእነሱ በታች ሌሎች ፋይሎችን የምትጨምርበት ቦታ አለ፤ የድረ ገጽህን ፎልደር ዱካ እዚያ ጻፍ፣ ጫፉ ላይ ኮለን አድርገህ «አር» እና «ኦ» የሚሉትን ሁለቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ጨምር። ማንበብ ብቻ ማለት ነው። ብራውዘር ገጽህን ሊያሳይህ እንጂ ሊያርምልህ አይደለም፤ መጻፍ ምን ያደርግለታል?

ከዚያ ፋየርፎክስን ሙሉ በሙሉ ዝጋና እንደገና ክፈት፤ ፈቃዱ የሚሠራው ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሲነሣ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አልሠራም» ብሎ ወደ ትልቁ ማብሪያ ይሄዳል። የፋይሉን አድራሻም በአድራሻ መስመሩ ላይ ራስህ ጻፈው፤ በድርብ ክሊክ ከከፈትኸው ያ የፖርታሉ ዱካ ሊመጣብህ ይችላል። አንዴ ከተከፈተልህ ቡክማርክ አድርገው።

ሆም ፎልደርን በሙሉ መስጠት ለምን እንደማልወድ ልንገርህ። እዚያ ውስጥ ያለው ፎቶና ደብዳቤ ብቻ አይደለም። በነጥብ የሚጀምሩ ድብቅ ፋይሎችም አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ተርሚናል በከፈትህ ቁጥር የሚነበብና ውስጡ ያለው ትዕዛዝ የሚፈጸም ነው። ሆም ላይ መጻፍ የተፈቀደለት ፕሮግራም እዚያ አንድ መስመር ከጨመረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተርሚናል ስትከፍት ያ ትዕዛዝ ከሳንድቦክሱ ውጭ፣ ባንተ ስም ይሠራል። በዚያች ማብሪያ ሳንድቦክሱን ራሱን አጠፋኸው ማለት ነው።

ፍላትሲልን ከከፈትህ አይቀር ሌሎቹንም እያቸው። ፍላትፓክ የሆነ ሁሉ የታጠረ ይመስልሃል፤ አይደለም። ጂምፕና ሊብረኦፊስ ከፍላትሃብ ሲመጡ ፋይሎችህን በሙሉ እንዲያዩ ተፈቅዶላቸው ነው። የፎቶና የጽሑፍ ሥራ ፋይል ከየቦታው ስለሚያመጣ ያዘጋጁት ሰዎች አውቀው ያደረጉት ነው፤ አልወቅሳቸውም። ግን ጂምፕን ፎቶ ለመቁረጥ ብቻ የምትጠቀምበት ከሆነ ትልቁን ፈቃድ አጥፍተህ የፒክቸርስ ፎልደርህን ብቻ ልትሰጠው ትችላለህ። ከተበላሸብህ ከላይ ሪሴት የሚል አለ፤ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

ፍላሽ ዲስክ ሌላ ጣጣ ነው። ሆም ውስጥ ስለማይሰቀል ሆም የተፈቀደለት ፕሮግራምም ላያየው ይችላል። በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ደግሞ 777 ብትል ከንቱ ድካም ነው፤ እነዚህ ፎርማቶች የዩኒክስን ፈቃድ የሚመዘግቡበት ቦታ የላቸውም። ኡቡንቱ ላይ ስናፕ በሚባለው ሌላ መንገድ የተጫነ ፕሮግራም ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «አፕስ» ከሚለው ፕሮግራሙን ምረጥ፤ የፍላሽና የውጭ ዲስክ ፈቃድ ለብቻው ተቀምጦልሃል።

የአጎትህ ልጅ ማክ ነው ያላት። እዚያ ካታሊና ከሚባለው እትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ፣ ፕሮግራሙ ዴስክቶፕን ወይም ዶኩመንትስን ሲነካ ማክ ራሱ ይጠይቃል። አንዴ እምቢ ካለች በነገር ሁሉ አይጨቀጭቃትም፤ ሐሳቧን ስትለውጥ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ጋ ገብታ ፋይልስ ኤንድ ፎልደርስ የሚለውን ትክፈት። ፉል ዲስክ አክሰስ የሚለውን ለባክአፕና ለአንቲቫይረስ ዓይነት ፕሮግራም ካልሆነ አትንካው በላት።

እናትህ መሥሪያ ቤት ያለው ዊንዶውስ ነው። እዚያ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል አለ፤ ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር የብዙ አገር ኮምፒውተሮችን በቆለፈበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አካባቢ፣ ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣ ነው። ካላበሩት አይሠራም። ከበራ ግን የማያውቀው ፕሮግራም ዶኩመንትስና ፒክቸርስ ውስጥ ሴቭ ላድርግ ሲል ይከለክለዋል፤ የሒሳብ ፕሮግራሙ «ፋይሉን መፍጠር አልቻልኩም» እያለ ያስቸገራትም በዚህ ሊሆን ይችላል። ጥበቃውን እንዳታጠፋው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን ጋ ገብታ ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ ትፍቀድለት። ደግሞም ይህ ጥበቃ መጻፍንና መደምሰስን እንጂ ማንበብን አይከለክልም፤ ምስጢር የሆነ ፋይል ካላት እዚያ ፎልደር ውስጥ ስላስቀመጠችው ብቻ ተጠብቋል ብላ እንዳታስብ ንገራት።