የወላጅ ፊርማ ስለ ምን ይመሰክራል?

በትምህርት ቤት ካርድ ላይ፣ ከሁሉ በታች፣ አንዲት ባዶ መስመር አለች። «የወላጅ ፊርማ» ትላለች። ልጆች ሳለን ከካርዱ ሁሉ አብልጠን የምንፈራት ያችን መስመር ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ሊፈሯት የሚገባቸው ወላጆቻችን ነበሩ። ለመሆኑ ወላጅ እዚያች ቦታ ላይ ሲፈርም ምን ማለቱ ነው? «አይቻለሁ» ነው? «ተቀብያለሁ» ነው? ወይስ «ልጄ የተማረውን ዐውቄአለሁ» ነው? ያላነበቡትን ውል መፈረም ሞኝነት መሆኑን ለማንም እንመክራለን። ያልተነገረንን የልጃችንን ትምህርት ግን በየመንፈቁ እንፈርምበታለን።

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከቤታችን ነው።

አባቴ በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። ፊደል የቆጠረው በጎልማሳነቱ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን መወርወሪያ ሲወረውር ውሎ፣ ማታ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቀበሌ ይሄድ እንደነበረ ሲያወራልን ፊቱ ይበራ ነበር። ያንን በላብ ያገኘውን ንባብ የሚያውለው በኔ ደብተር ላይ ነበር። እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ ማታ ማታ የሳይንሱንም የሒሳቡንም ደብተር ይቀበለኝና ጣቱን ከቃል ቃል እያሻገረ ያነባል። ያልገባውን ይጠይቀኛል። እኔም ባልገባኝ ቦታ ላይ እንደምያዝ ስለማውቅ አስቀድሜ አጠና ነበር።

7ኛ ክፍል ስገባ ይህ ነገር ቀረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን አንደኛ ደረጃ ብሎ በሁለት እርከን ከፍሎት ነበር። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች እስከ 6ኛ በአማርኛ ተምረን 7ኛ ላይ ስንደርስ፣ ከአማርኛ ትምህርት በስተቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። ዘመኑ 1995 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አባቴ ደብተሬን ገለጠ፣ አየው፣ ገልብጦም አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ዘግቶ መለሰልኝ። «በርታ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደብተሬን አልጠየቀኝም። ፊደል ያወቀው ሰው በገዛ ልጁ ደብተር ፊት እንደገና መሀይም ሆነ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ጠያቂ የለብኝማ!

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ሲመጣ ሒሳብ 71 ይላል። ደረጃ 9ኛ። በክፍላችን 74 ተማሪዎች ነበርንና 9ኛ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ቁጥር ቋንቋ አያግደውም፤ አባቴ 71ንም 9ንም አነበበ፣ ፈረመም። ያቺ 71 ግን ግማሿ የምርጫ ጥያቄ ላይ በግምት የተከበበች፣ ሩቧም ከጎኔ ከተቀመጠው ልጅ የተቀዳች መሆኗን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ነጋዴ ቤታችን መጣ። አባቴ የሠራቸውን 20 ነጠላዎች እያንዳንዳቸውን በ85 ብር ሊሸጥለት ተስማማ። ለድካሙ ግን ሁለት ምርጫ አቀረበ፤ «ወይ ከመቶ 15 ልውሰድ፣ ወይ በነጠላ 10 ብር ቁረጥልኝ» አለ። አባቴ ወደኔ ዞረ። ሒሳብ 71 ያመጣ ልጅ ቤት ውስጥ እያለ ሌላ ማንን ይጠይቃል? እኔም ከመቶ የሚባለውን ትምህርት በዚያው ዓመት ተምሬዋለሁ፤ ማለት፣ ሲነገር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ወረቀት አውጥቼ 85ን ለ15 አካፈልኩ። «አምስት ብር ከምናምን ነው የሚመጣው፤ ከመቶው ይሻላል» አልኩ፣ በልበ ሙሉነት። ነጋዴው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ስምምነቱ በከመቶው ሆነ።

የ85 ከመቶ 15፣ 12 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። በ20 ነጠላ 255 ብር። በሌላው መንገድ ቢሆን 200 ብር ነበር። 55 ብር በዚያ ዘመን፣ በኛ ቤት፣ ብዙ ገንዘብ ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል የሀገሬ ሰው። አባቴ ግን ያመነው ልጅን አልነበረም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነበር ያመነው።

ገንዘቡ ሲቆጠር ጎደለበትና ከጎረቤት ጋር አስልቶ ስሕተቱን ደረሰበት። አልመታኝም። በማግሥቱ ጠዋት ነጭ ጋቢውን ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። የትምህርት ቤታችን ልማድ ወላጅን የሚፈልገው መስኮት ሲሰበር ወይም ልጅ ሲደባደብ ነበር። «ወላጅ አምጣ» ማለት ቅጣት እንጂ ግብዣ አልነበረም። እንዲያውም ከመንገድ ላይ «አጎት» ተከራይተው የሚያመጡ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ አባቴ ሳይጠራ መምጣቱ መምህሩን ግራ አጋባቸው።

«ልጅዎ እኮ ጎበዝ ነው፤ 9ኛ ነው የወጣው» አሉት።

«ደረጃውንስ ዐውቄዋለሁ፣ መምህር» አላቸው። «ምን እንደሚያውቅ ነው የጠየቅሁዎ።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። መምህሩ ጥቂት ዝም አሉ። የዝምታቸው ትርጉም ያኔ አልገባኝም፤ ዛሬ ግን የገባኝ ይመስለኛል። ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የትኛው ወላጅ ቢመጣ የሚጠይቀው «ስንተኛ ነው?» ብሎ ነው፤ ወይም «ዐመሉ እንዴት ነው?»

እንግዲህ የነገሬ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ደረጃ ልጁ ከሌሎች ልጆች አንጻር የት እንደቆመ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም። 74 ሰዎች ሁሉም ዋና የማይችሉ ቢሆኑ እንኳ ከመካከላቸው አንደኛ የሚወጣ አይጠፋም። ለወላጅ ደረጃን ነግሮ ዕውቀትን መሸሸግ፣ ውሸት ሳይናገሩ መዋሸት ነው። የሚዋሸውም መምህሩ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ትምህርት ቤትን ለወላጁ የሚያስረዳው ማነው? ልጁ ራሱ ነው። ተከሳሹ የገዛ ክሱ አስተርጓሚ ሆኗል ማለት ነው። የ13 ዓመት ልጅ በራሱ ላይ በታማኝነት ይተርጉም ብሎ መጠበቅስ ፍትሕ ነው?

በቀድሞው ትምህርታችን ይህ ችግር እንዲህ አልነበረም። ያን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ አርጩሜውንም አልረሳሁትም። ነገር ግን ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ዕውቀቱ በድምፁ ላይ ነበር። ማንበብ የማይችል ገበሬ አባት እንኳ ልጁ ሲደግም ይሰማል፤ የት ላይ እንደሚደናቀፍ በጆሮው ያውቃል። በቁርኣን ቤትም ልጅ የሐፈዘውን ከፍ ባለ ድምፅ ይቀራል። በሽመናም ቤት እንደዚያው ነው። አባቴ ሥራ ለማጅ ልጅ ሲቀበል «ስንተኛ ነህ?» ብሎ አያውቅም። ጨርቁን ገልብጦ፣ ድሩንና ማጉን አይቶ፣ «ጥለቱ ላይ ትቸኩላለህ» ይል ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ብዙ ነገር ሰጥቶናል። ከወላጅ የወሰደው ግን ይህን ነው፦ ልጁ የሚያውቀውን በዐይኑ አይቶ፣ በጆሮው ሰምቶ የመፍረድ ዐቅሙን። ወስዶ ሲያበቃ በምትኩ ቁጥር ሰጠው።

የተቃዋሚዬን ድምፅ እሰማለሁ። «መምህሩ ስንት ልጅ ይዞ፣ በምን ደመወዝ፣ የስንቱን ወላጅ ያስረዳ?» ይለኛል። እውነት ነው፤ 74 ልጅ የሚያስተምር ሰው ለ74 አባት ይቆጠርልኝ ብል ግፍ ነው። ደግሞም «የ13 ዓመት ልጅ እኮ ጥቂት የራሱ ጓዳ ያስፈልገዋል፤ አባት በየገጹ ከገባበት መቼ ሰው ይሆናል?» የሚለኝ አለ። ይህም እውነት አለው። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሦስተኛው ነው፦ «ለሚማታ አባት ስለ ልጁ መንገር ዱላ ማቀበል አይደለም ወይ?» የክፍል ጓደኛዬ 23ኛ በመውጣቱ በቀበቶ ተገርፎ፣ ለሦስት ቀን ወንበር ላይ በአንድ ጎኑ ሲቀመጥ አይቻለሁ።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያን ልጅ ያስገረፈው ዕውቀቱ ለአባቱ መነገሩ አይደለም። ደረጃው ብቻ መነገሩ ነው። «23ኛ» ለሚል ወሬ አባት ምን ሊያደርግ ይችላል? ከመቆጣት በቀር የሚይዘው የለም። «ልጅዎ ክፍልፋይ መደመር ይችላል፤ ከመቶ ማስላት ግን አልገባውም» ቢባል ግን እጁ የሚሠራው ያገኛል፦ የሚያውቅ ጎረቤት ይፈልጋል፣ ነጠላ ሲሸጥ አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ ቢያንስ ይጠይቀዋል። የልጁንም ጓዳ ቢሆን የሚደፍረው ስለላ ነው እንጂ «ምን ዐወቅህ?» የሚል ጥያቄ አይደለም። የመምህሩን ድካም በተመለከተ፣ በመንፈቅ አንዴ በምዕራፍ በምዕራፉ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር፣ ወላጅ በሚሰማው ቋንቋ ተጽፎ ለሁሉም ቢባዛ ስሌቱን አይከብደውም። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ አንድ ቅዳሜ ሰብስቦ በቃል መንገር ይቻላል።

«ትምህርት ቤቶች ዛሬ ከወላጅ ጋር በቴሌግራም ተገናኝተዋል» የምትሉኝም ትኖራላችሁ። የእኅቴ ልጅ 7ኛ ክፍል ናት። የእኅቴን ስልክ ተቀብዬ የአንድ ወር መልእክት አነበብኩ። የክፍያ ማሳሰቢያ፣ የደንብ ልብስ ቀለም፣ የሽርሽር ገንዘብ፣ የበዓል መልካም ምኞት አለ። ልጆቹ በዚያ ወር ምን እንደተማሩ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም። ወሬው በዝቷል፤ ነገሩ ያው ነው። ተራ ስልክ የያዘችው እናትማ ያንንም አታገኝም።

ለምን መካከለኛውን ክፍል መረጥህ እባል ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጣው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል መካከለኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ቆመዋል። ልጅ ከወላጁ ዐይን የሚወጣው በዚያ ነው። ሬሾው፣ ከመቶው፣ ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር የሚመጣውም በዚያ ነው። እዚያ ላይ የቀረ ቀዳዳ ወዲያው አያፈስም፤ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚታየው። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 ከመቶ ሆነ። ሀገር ደነገጠ። እኔን ያስደነገጠኝ የወላጆች መደንገጥ ነው። እነዚያ ልጆች 11 ዓመት ሙሉ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ሲያመጡ፣ ወላጅም ሲፈርም ኖሯል። ማንም ሳይነግራቸው ልጆቻቸው ሲወድቁ ኖረው፣ በመጨረሻ በቴሌቪዥን ሰሙ።

በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 26 ለልጃቸው የሚሰጠውን ትምህርት ዓይነት መምረጥ የወላጆች ቀዳሚ መብት ነው ይላል። ታዲያ ያልነገሩት ሰው ምን ይመርጣል?

ወደ አባቴ ልመለስ። መምህሩ ዝምታቸውን ሲጨርሱ ወንበር ስበው አስቀመጡት። የሒሳቡን መጽሐፍ ገልጠው፣ ይህ ምዕራፍ ስለዚህ ነው፣ ያኛው ስለዚያ ነው እያሉ በአማርኛ አስረዱት። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ማታ ማታ ሸማውን ሳያቆም «እስቲ ዛሬ ያወቅኸውን ንገረኝ» ይለኝ ጀመር። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልስለት፣ ያልገባኝ የትኛው እንደሆነ እኔው ራሴ አወቅሁት።

ሁለተኛው መንፈቅ ካርድ መጣ። አባቴ እስክሪብቶውን አነሣና ከመፈረሙ በፊት ቀና ብሎ አየኝ።

«የ85 ከመቶ 15 ስንት ነው?»

«12 ብር ከ75 ሳንቲም።»

ፈረመ።