ቋንቋ ማወቅና የስልኩ መምህር

ቋንቋ አወቀ የሚባለው ቃሉን የሸመደደ ነው ወይስ በቃሉ ሌላ ሰው ዘንድ የደረሰ? ስልኩ ላይ መተግበሪያ ጭኖ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚማር ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጀውሃ ጥያቄውን በቅርብ ታሳያለች። እሷ ባለችበት በይፋት ቆላ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ይጎራበታሉ፤ ማሾ ሲሰፈር፣ ዋጋ ሲቆረጥ ቋንቋው አብሮ ይለመዳል። መሸምደድም ቢሆን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በቁርኣን ቤት ዓረብኛውን፣ በንባብ ቤት ግዕዙን ሕፃኑ ትርጉሙን ሳይጠይቅ ይይዘዋል። ግን ሼኩ ወይም የኔታ አጠገቡ ተቀምጠው የሳታትን ድምፅ ሰምተው ያስመልሱታል። ልጁ ለሰው እያነበበ ነው።

መተግበሪያውም ያርማል፤ በትዕግሥቱ ከብዙ መምህር ይልቃል፤ ዓይን አፋሩን ማበረታታቱም ትልቅ በጎነት ነው። ቅር መሰኘት ግን አያውቅም። አማርኛ እየተማረ አዛውንትን «አንተ» ያለ ሰው በስልኩ ላይ የሚያጣው ነጥብ ብቻ ነው። በመንደር ግን የሽማግሌው ፊት ሲለወጥ ያያል፤ «አንቱ» የሚለው ቃል ክብደቱ የሚገባውም ያኔ ነው። እንግዲህ ሰዋስው ብቻውን ማወቅ አይደለም፤ ለሚሰማው ሰው ኃላፊነት መውሰድ የማወቁ ግማሽ ነው።

አርጎብኛ ደግሞ በታወቁት መተግበሪያዎች ውስጥ የለም። በግዕዝ «አሐዱ»፣ በአማርኛ «አንድ» የሚባለው በአርጎብኛ «ሃንድ» ነው፤ አማርኛ የጣላትን «ሀ» አርጎብኛ እስከ ዛሬ ይዟታል። ይህችን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ተናጋሪዎቹ ዘንድ ሄዶ መቀመጥ አለበት።