ጸጥ ያለ እርምጃ

መዝሙር 91፥3

ከመተማ ድንበር ማዶ ገላባት አለች፤ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ የሚወስደው መንገድ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ መካከል ያልፋል። ክረምቱ ሲያበቃ ድርጭት ከአውሮፓ ተነሥታ፥ ባሕርንና ሰሐራን ተሻግራ፥ በዚያ ወገን ባለው የሣር አገር ትወርዳለች። ክብደትዋ 100 ግራም ያህል ነው። እስራኤል በምድረ በዳ የበሉት ሥጋ የዚህች ወፍ ነበረ (ዘጸ. 16)።

ድርጭትን የሚያድን ሰው አይሮጥም፤ አይጮኽም። ደረቁን አገዳ እየሸሸ እግሩን ቀስ አድርጎ ያኖራል። እርስዋም ላባዋ አፈሩን ስለሚመስል ተሰውሬአለሁ ብላ ትተኛለች፤ እስኪደርስባትም ድረስ አትነሣም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ጠላታችንን በሚያገሣ አንበሳ መስሎታል፤ ነገር ግን አንበሳም ሲያደባ አያገሣም፤ ሔዋንንም ያሳታት የለሰለሰ ቃል ነበረ።

በመተማና በገዳሪፍ መንገድ ልጆቻችን ለብዙ ዓመታት ሄደዋል። ለአረምና ለአጨዳ ሄደው የድካማቸውን ዋጋ ይዘው የተመለሱትን አንነቅፍም። ዳሩ ግን ወደ ሊቢያ የሚወስደው ደላላ ዛቻ ይዞ አይመጣም። አሁን ምንም አትክፈል፥ ከደረስህ በኋላ ይሆናል ይላል። በረሃው ከታለፈ በኋላ ግን ልጁ ይታሰራል፥ እናቱም ቤዛ ትጠየቃለች። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ስለ ክርስቶስ ስም ከተገደሉት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ በሱዳን በኩል ያለፉ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ብዙዎችም በዚያው በመተማ በር ሸሽተው ገቡ። አጥማጁ ግን መንገድ ቢዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

አዳኝ የሚለው ቃል በፊደላችን ለሁለት ይነበባል፤ ወፍ ለሚያጠምደውም፥ ነፍስን ለሚታደገውም። የተራበ ልጅ ሁለቱን ቢያሳስት ለምን እንፈርድበታለን? የቤቱን ችግር ከእኛ ከእረኞቹና ከሽማግሌዎቹ አስቀድሞ ያወቀው ደላላው ነው። ከሄደ በኋላ በጉባኤ ስሙን ጠርተን ጸለይን፤ ከመሄዱ በፊት ግን ምን በልቶ እንደሚያድር አልጠየቅነውም።

ጌታችንም በጸጥታ መጥቶአል። ወደ ኤማሁስ በሚወስደው መንገድ ከሁለቱ አጠገብ ሲሄድ አላወቁትም። እርሱ ግን ኀዘናቸውን ጠየቀ፥ እስኪጨርሱም ሰማቸው፥ በማዕዳቸው ተቀምጦ እንጀራ ቆረሰላቸው፤ ዕዳም አልጻፈባቸውም። እንግዲህ በዚህ ሳምንት፥ ልጅዋ ለመሄድ ጓዙን ያሰናዳባትን እናት ቤት ሁለት ሁለት ሆነን እንጎብኝ፤ ባዶ እጃችንን ግን አንሂድ።