አንካሳውን ፈረስ ፈጣን ነው ብሎ ስለ መሸጥ

«አባ፣ አንድ የኅሊና ጥያቄ አለኝ» ሲል ከአሜሪካ የደወለልኝ ባልንጀራዬ፣ ጉዳዩ ስለ መኪና መሆኑን በነገረኝ ጊዜ ሣቄ እንዳመለጠኝ አልደብቅም። እርሱና እኔ በአንድ ክፍል ተምረናል፤ ዛሬ በሚኒሶታ፣ በሴንት ፖል ከተማ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ለዐሥራ ስምንት ዓመታት የነዳት እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራች፣ በአሜሪካ ሚያታ እየተባለች የምትጠራውን ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ነበር።

የዚህች መኪና ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ከታየች ወዲህ ብዙዎችን ማርካለች፤ ሚሊዮንኛዋ በ2016 ከፋብሪካ ወጥታለች። መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ ነው፤ የቀድሞዎቹ የፊት መብራቶች ሲበሩ ብቅ የሚሉ፣ ሲጠፉ የሚከደኑ ዓይኖች ይመስላሉ። ደስታዋ ከኃይሏ ይልቅ ከቅልጥፍናዋ ነው ይላሉ የነዷት። እኔ ራሴ ከቁምስናችን ፒክአፕ በቀር የነዳሁት ስለሌለ በዚህ ረገድ ምስክርነቴ አይጠቅምም።

ባልንጀራዬ አሁን ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ወደ ሥራው የሚሄድባት፣ በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የምትሠራ ባለ አራት በር ቶዮታ ኮሮላ ገዝቷል። ጥያቄውም፣ «ያችኛዋን ይህን ያህል ዘመን መውደዴ ከንቱ ውዳሴ ነበርን? መተዌስ እንደ በጎ ሥራ ይቆጠርልኛልን?» የሚል ነበር። ለዚህ መልስ መስጠት አላስቸገረኝም። ዕቃ በበሮቹ ቁጥር ጻድቅ ወይም ኃጥእ አይሆንም፤ ጎረቤት እንዲያይለት የቤተሰብ መኪና የሚገዛ አለ፤ አሮጌ የስፖርት መኪናውን በገዛ እጁ እየጠገነ በትሕትና የሚኖርም አለ። ልጆች ሲወለዱ ሁለት መቀመጫ አይበቃም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል ግን፣ እንደ ዋዛ፣ ስለ ዝገቱ አነሣ።

በዚህች መኪና ሸራ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውኃ ከመቀመጫዎቹ በስተኋላ ባሉ ሁለት ማፍሰሻዎች ወደ ታች ይወርዳል። ማፍሰሻዎቹ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈኑ ውኃው ከበሮቹ ሥር በሚያልፈው ክፍት ብረት ውስጥ ይቋጠራል። የሚኒሶታ መንገድ ደግሞ በረዶው እንዲቀልጥ በየክረምቱ ጨው ይነሰነስበታል። ብረቱ እንግዲህ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት በታየ ዕለት የውስጡ ብዙ አልቋል። የብረት ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ በአመዛኙ ያለው በዚሁ ከበር ሥር ባለው ብረት ላይ ነው። ባልንጀራዬ ከሦስት ዓመት በፊት ያን ቦታ በስቱኮ አስደፍኖ ቀለም አስቀብቶት ነበር። ሊገዛ የመጣው ወጣት፣ እርሱ መኪናዋን በገዛበት ዕድሜ ላይ ያለ፣ ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ በዋጋም አልተከራከረም። «ወረቀቱ ላይ ‹ባለችበት ሁኔታ› ተብሎ ይጻፋል፤ እርሱም አልጠየቀኝም» አለኝ ባልንጀራዬ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ፣ ሁለት ፈላስፎችን፣ ባቢሎናዊውን ዲዮጋንና ተማሪውን አንቲጳጥሮስን ያከራክራል። መምህሩ፣ ሻጭ ሕግ የሚያዝዘውን ነውር ይናገር፣ አይዋሽ፣ ከዚያ ያለፈውን ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል፤ ተማሪው፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሊቀር አይገባም ይላል። ሲሴሮ ለተማሪው ይፈርዳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ጉዳዩን ይበልጥ ለየው፦ ፈረሱ አንድ ዓይና ከሆነ ገዢው ራሱ ያየዋልና፣ ዋጋው ከተቀነሰ ሻጩ ዝም ቢል አይወቀስም፤ ነውሩ የተሰወረ ሆኖ ገዢውን ለአደጋ ወይም ለጉዳት የሚዳርግ ከሆነ ግን መናገር ግዴታው ነው። ለዚህም ከሰጣቸው ምሳሌዎች አንዱ አንካሳውን ፈረስ ፈጣን ነው ብሎ መሸጥ ነው። በሀገራችን የበቅሎ ገበያም ገዢ ጥርስ ያያል፣ ያስረግጣል፤ ወንዝ ስትሻገር እንደምትደነብር የሚያውቀው ግን ሻጩ ብቻ ነው።

ይህን ስነግረው ባልንጀራዬ ዝም አለ። ቆይቶም፣ «ገንዘቡ አይደለም አባ፤ ያ ልጅ እንደ በሽተኛ እንዲያያት አልፈለግሁም» አለኝ። አመንሁት፤ ማመኔም ይበልጥ አሳሰበኝ። ለገንዘብ ብሎ የሚደብቅ ሰው መደበቁን ያውቃል፤ ለፍቅር ብሎ የሚደብቅ ግን ክብር የሰጠ ይመስለዋል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያገለገለችውን መኪና በማያውቃት ሰው ፊት ስሟን ላለማጥፋት ሲል፣ ልጁን በተበላ ብረት ላይ ሊያስቀምጠው ነበር። ስቱኮውንስ ያስደፈነው ለገዢ ነበርን? አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የመሸጥ ሐሳብ አልነበረውም። በመጀመሪያ የደበቀው ከራሱ ነው።

በማግሥቱ ወጣቱን ጠርቶ፣ መኪናዋን አስነሥቶ፣ በባትሪ እያበራ በመፍቻ ጫፍ ስቱኮውን እየነካካ አሳየው። ወጣቱ አመሰገነና ሄደ፤ አልተመለሰም። ሚያታዋ እስከ ዛሬ ከኮሮላዋ ጎን ጋራዡን ሞልታ ቆማለች፤ ባለቤቱም በየሳምንቱ መቼ እንደምትወጣ ትጠይቀዋለች።