ያልታየ አቅምና የመመርመር ግዴታ፦ የመኪና ባትሪ መቼና ለምን ይለወጣል?

አንድ ዕቃ ሥራውን እየሠራ ሳለ «ዘመኑ አልፏል» ተብሎ ሊለወጥ የሚገባው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ፣ ያልተገለጠ አቅም በእውነት አለ ሊባል ይችላል ወይ ከሚለው የሥነ ህላዌ ክርክር ተነሥቶ፣ ባለማወቅ የሚደርስ ጉዳት መቼ በደል ይሆናል እስከሚለው የሥነ ምግባር ክርክር ድረስ ይዘልቃል። የመኪና ባትሪ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ጉዳይ ነው። አብዛኛውን ዕድሜውን ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚያሳልፍ፣ ዋና ሥራውም ቁልፍ በሚዞርባቸው ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ዕቃ በመሆኑ፣ ባትሪው ደህና ነው የሚል ሰው ሁሉ ፍርዱን የሚሰጠው ባላየው ነገር ላይ ነው።

የተለመደው ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የተወለደ ሲሆን፣ በተርታ የተያያዙ ስድስት ክፍሎች (ሴሎች) አሉት። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ድብልቅ የተነከሩ ሁለት ዓይነት ሰሌዳዎች ይገኛሉ፤ አንደኛው ስፖንጅ መሰል እርሳስ፣ ሁለተኛው የእርሳስ ዳይኦክሳይድ ነው። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ሁለቱም ሰሌዳዎች ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፣ አሲዱም ይቀጥናል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ባትሪውን መልሶ ሲሞላው ደግሞ ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይሁን እንጂ መመለሱ ሙሉ አይደለም። ባትሪው ሳይሞላ በቆየ ቁጥር ከሰልፌቱ የተወሰነው ጠጥሮ ክሪስታል ይሆንና አልመለስ ይላል፤ ሰሌዳውን የሚሸከመው የእርሳስ መረብ በዝገት ይበላል፤ የሰሌዳው ልስን ጥቂት በጥቂት እየረገፈ ከሥር ይከማቻል፤ ውሃውም ይተናል። ከእነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ ከውጭ አይታዩም።

እርጅናውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የመረቡ መበላት በግምት በእጥፍ ስለሚፈጥን፣ በአፋር ቆላ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ባትሪ በደጋ ከሚሠራው ቀድሞ ያረጃል። ድካሙ የሚጋለጠው ግን ብዙውን ጊዜ በብርድ ነው። ቅዝቃዜ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካዊ ለውጥ ያዘገያል፣ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል፤ በመሆኑም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከወትሮው ይበልጥ በሚጠይቅበት ሰዓት ባትሪው ከወትሮው ያነሰ ይሰጣል። በድሬዳዋ ሐሩር ሁለት ዓመት የከረመ ባትሪ በደብረ ብርሃን ንጋት ላይ አልነሣ ቢል፣ ባለቤቱ ብርዱን መክሰሱ አይቀርም፤ ብርዱ ግን ምስክር እንጂ ወንጀለኛ አልነበረም። የአንድ ውድቀት ምክንያትና ውድቀቱ የተገለጠበት አጋጣሚ የተለያዩ መሆናቸውን ፈላስፎች በብዙ ድካም ለማስረዳት ይሞክራሉ፤ ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሺያን ግን ይህን በየማለዳው ያየዋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የሜጋራ ፈላስፎች ይባሉ የነበሩ ወገኖች፣ አንድ ነገር ኃይል አለው የሚባለው ኃይሉን በሥራ ላይ ሲያውል ብቻ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር፤ በእነርሱ አባባል ግንበኛ ግንባታውን ባቆመበት ቅጽበት የመገንባት ችሎታም የለውም። አርስቶትል ሜታፊዚክስ በተባለው ሥራው ዘጠነኛ መጽሐፍ ይህን ሲቃወም፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ አንድ ሰው በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይታወራል ማለት ነው ሲል ከንቱነቱን አሳየ፤ እምቅ ኃይልን፣ ማለትም ሊሠራ የሚችል ነገር ግን ገና ያልሠራ አቅምን፣ በሥራ ከተገለጠው ክዋኔም ለየ። የባትሪ ፍተሻ በዚህ ክርክር ላይ የሚያክለው ነገር አለ። አዲስ ባትሪና ያረጀ ባትሪ ሁለቱም ተሞልተው ጥቂት ሰዓታት ካረፉ በኋላ በቮልት መለኪያ ሲታዩ እኩል 12.6 ቮልት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ መለኪያው የሚናገረው የቀረው ሰሌዳ ምን ያህል እንደተሞላ እንጂ ምን ያህል ሰሌዳ እንደቀረ አይደለምና። ልዩነቱ የሚወጣው ባትሪው ሸክም ሲጫንበት ነው። ለምሳሌ በብርድ የማስነሣት አቅሙ (ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ብርድ ለ30 ሰከንድ ሊሰጥ የሚችለው የኤሌክትሪክ ፍሰት) 500 አምፔር ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ፣ ግማሹን ማለትም 250 አምፔር ለ15 ሰከንድ እንዲሰጥ ይደረጋል፤ በ21 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ቮልቱ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ ዕረፍት ላይ ሳለ ያሳየው 12.6 ባዶ ስም ሆኖ ይቀራል።

ሁለቱ ባትሪዎች ከፍተሻው በፊትም የተለያዩ ስለነበሩ አርስቶትል ትክክል ነው። የሜጋራ ሰዎችም ግን ፈጽሞ አልተረቱም፤ ልዩነቱ ቢኖርም ክዋኔ ሳይኖር የሚታወቅበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነውና። ስለ ህላዌ የተሳሳተው ትምህርታቸው ስለ ዕውቀት ሲነገር ብዙ እውነት ይዟል። ፍተሻም እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያስታርቅ ሥራ ነው፤ ነገ በጭንቅ ሰዓት የሚመጣውን ጥያቄ፣ መልሱ ማንንም በማይጎዳበት ሰዓት ዛሬ መጠየቅ ማለት ነው።

የ9.6 ቮልቱ መስመር ራሱ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ከዚያው ከሜጋራ ወገን የሆነው ኢዩቡሊደስ፣ ከእህል ክምር ላይ አንድ አንድ ፍሬ ቢነሣ ክምርነቱ የሚቀረው በየትኛው ፍሬ ላይ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ባትሪም እንዲሁ ነው፤ በ9.7 ቮልት ሕያው፣ በ9.5 ቮልት ሙት የሚሆንበት የተፈጥሮ ድንበር የለም፤ ማሽቆልቆሉ ያለማቋረጥ የሚወርድ ቁልቁለት ነው፣ መስመሩንም ያሰመሩት ሰዎች ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ መስመሩ የዘፈቀደ ነው ማለት ግን መቸኮል ነው። መስመሩ የሚሰመረው ውድቀቱ በማን ላይ እንደሚደርስ ታይቶ ነው፤ በሰፈር ውስጥ ብቻ የሚነዳ፣ ቢቆምም ጎረቤት ገፍቶ የሚያስነሣው ባለ ማርሽ አሮጌ መኪና፣ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ከሚያመጣ አምቡላንስ ጋር አንድ መስመር ሊጋራ አይገባም። «መቼ» የሚለው ጥያቄ ከባትሪው ጠባይ ብቻ መልስ የማያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የዕለት ተዕለት ኑሮ ግን በፍተሻ አይመራም፤ የሚመራው በልማድ ነው። ትናንት የተነሣ መኪና ዛሬም ይነሣል የሚለው እምነት፣ ዴቪድ ሂዩም በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት እንዳሳየው፣ በአመክንዮ የተረጋገጠ ሳይሆን በመደጋገም የተለመደ ነው። ሆኖም ልማድን ፈጽሞ የናቀ ሰው ከቤቱ መውጣት አይችልም። በእስልምና የሕግ ሊቃውንት ዘንድ ኢስቲስሐብ የሚባለው መርሕ፣ ማለትም የሚለውጠው ማስረጃ እስካልመጣ ድረስ አንድ ነገር በቀድሞ ሁኔታው እንዳለ ይቆጠራል የሚለው ሥርዓት፣ ለዚህ የልማድ እምነት ልጓም አበጅቶለታል፤ ባዶ ጥርጣሬ እርግጠኛውን ነገር አያነሣውም፣ ማስረጃ ሲመጣ ግን የቀድሞው ግምት ቦታውን ይለቃል። በባትሪ ረገድ ማስረጃ የሚባሉት የታወቁ ናቸው፤ ሞተሪኖው ከወትሮው ሲንቀራፈፍ፣ ቁልፍ ሲዞር የፊት መብራቱ ክፉኛ ሲደበዝዝ፣ የባትሪው ጎን አብጦ ሲገኝ፣ አሲድ ሲያዣ፣ ወይም ባትሪው ሦስት ዓመት አልፎት ሳለ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሳይፈተሽ ሲቀር። የመጨረሻው ከሌሎቹ ይለያል፤ በራሱ የመለወጥ ምክንያት አይሆንም፣ የመፈተሽ ምክንያት ግን ይሆናል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ ምልክቱ ራሱ ተሸሽጓል፤ ነዳጅ በኮምፒውተር የሚመጠንላቸው ሞተሮች ገና ሲዞሩ ስለሚነሡ፣ የደከመ ባትሪ ሳይንቀራፈፍ ቆይቶ አንድ ቀን በድንገት ዝም ይላል። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከመገጠሙ በፊት፣ ሞተር በእጅ በሚዞር ብረት ይነሣ ስለነበር የማስነሻውን ኃይል የሚሰጠው የነጂው ክንድ ነበር፤ ክንድ ደግሞ መድከሙን ለባለቤቱ ሳይናገር አይቀርም።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ ዊሊያም ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ስለ እምነት ሥነ ምግባር የሚናገር ድርሰት፣ ስደተኞችን የምታጓጉዝ አሮጌ መርከብ የነበረችውን አንድ ባለቤት ያቀርባል። ሰውየው ስለ መርከቧ ጥርጣሬ ቢያድርበትም፣ ከዚህ በፊት ስንት ጉዞ በደህና ተመልሳለች፣ የእግዚአብሔርም ጥበቃ አለ ብሎ ራሱን ካሳመነ በኋላ ይሸኛታል፤ መርከቧም ትሰጥማለች። የክሊፎርድ ፍርድ የሚከብደው በሁለተኛው እርምጃው ነው፤ መርከቧ በደህና ብትደርስ እንኳ ሰውየው በደለኛ ነው፣ ያለ ምርመራ የማመን መብት አልነበረውምና። ተሳፋሪ ጭኖ በሌሊት ረጅም መንገድ የሚነዳ፣ ባትሪውም እየደከመ መምጣቱን የሚያውቅ ሹፌር በዚህ ሚዛን ሊመዘን ይችላል። «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ቃል በእምነት ሲነገር ትሕትና ነው፤ ሊደረግ የሚቻለውን ምርመራ ለማስቀረት ሲነገር ግን የራስን ሥራ በፈጣሪ ላይ መጫን ይሆናል። ክሊፎርድ እያንዳንዱ እምነት ሁልጊዜ በበቂ ማስረጃ መደገፍ አለበት እስከማለት መሄዱ ከልክ ያለፈ ይመስላል፤ የሌላ ሰው ደኅንነት የተንጠለጠለበት እምነት ግን ከዚህ ሕግ የሚያመልጥበት በር የለውም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የሚገኘው የአሥሩ ደናግል ምሳሌ ለዚህ ሐሳብ ከክሊፎርድ የተሻለ ሚዛን ይሰጣል። አሥሩም መብራት ይዘው ወጥተዋል፤ ሙሽራው ሲዘገይም አሥሩም ተኝተዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ልባሞቹ የተመሰገኑት ሌሊቱን ሙሉ ስለነቁ አይደለም፤ መዘጋጀት በሚቻልበት ሰዓት ከመብራቱ ጋር በማሰሮ ዘይት ስለያዙ ነው። ከዚህ እንደሚታየው የሚፈለገው ትጋት በእያንዳንዱ ደቂቃ መጨነቅ አይደለም፤ በጊዜው የተመረመረ ነገር ያለ ጭንቀት እንቅልፍ ይፈቅዳል። ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ለድሆች በሚደረግ ምጽዋት መተርጎሙም ከጉዳዩ አይርቅም፤ የተደበቀው ስንቅ ዋጋው ለሌላ ሰው በመድረሱ ይለካል። ባትሪ እርግጥ ከዘይቱ በአንድ ነገር ይለያል፤ ባልንጀራ በኬብል ሊያካፍለው ይችላል፣ የሰጪውም መብራት አይጠፋም።

ከቸልተኝነት ማዶ ያለው ስሕተት፣ ማለትም ያለ ምርመራ መለወጥ፣ እንደ ጥንቃቄ ስለሚቆጠር ወቀሳ ያመልጣል። መኪና አልነሣ ባለ ቁጥር «ባትሪው ሞቷል» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ተርሚናሉ በነጭና በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ፣ ወይም ሌሊቱን የበራ መብራት ባትሪውን አውርዶት፣ ወይም ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ ሊሰጥ የሚገባው ዲናሞ ሥራውን አቁሞ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ሁኔታ የተገጠመው አዲስ ባትሪ የአሮጌውን ዕጣ ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም። እንዲህ ያለ ለውጥ ከባለቤቱ ኪስ ገንዘብ በማውጣት ብቻ ቢያበቃ የግል ሞኝነት ተብሎ በታለፈ ነበር።

ነገር ግን አያበቃም። ከባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ በመሆኑ የተጣለ ባትሪ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ስላለውም ይሰበራል፣ ይቀለጣል። በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ፤ ምርመራው ያመለከተው፣ በሰፈሩ ባትሪ ይሰበርና እርሳሱ ይለቀም በነበረበት አሸዋ ውስጥ የተከማቸውን የእርሳስ መርዝ ነበር። እርሳስ የሕፃናትን አንጎል የሚጎዳ ሲሆን፣ ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠን በደም ውስጥ አልተገኘለትም። እንግዲህ ገና ሁለት ዓመት ሊሠራ የሚችለውን ባትሪ በፍርሃት ብቻ የሚለውጥ ሰው፣ በራሱ መንገድ ላይ የነበረውን ትንሽ ሥጋት ፊቱን አይቶ ወደማያውቀው ልጅ ደጃፍ ያዛውረዋል። ክሊፎርድ ባለመርከቡን የከሰሰበት ክስ፣ ሳይመረምሩ ማመን፣ እዚህም ይሠራል፤ «ሞቷል» የሚለውም «ደህና ነው» እንደሚለው ሁሉ ማስረጃ የሚያስፈልገው እምነት ነው።

ፍተሻው ሸክም መሸከም እንዳልቻለ ያሳየው ባትሪ ግን ሊለወጥ ይገባዋል፤ በአምቡላንስና በሕዝብ ማመላለሻ ላይ ያለው ደግሞ ወደ መስመሩ መቃረቡ ብቻ ይበቃዋል። ለዋጩ ገንዘቡን ከፍሎ ሲወጣ ያልተፈጸመ አንድ ሥራ አለበት፤ አሮጌው ባትሪ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ፣ ለሽያጭም ሆነ ለልዋጭ ሲሰጥ አሲዱ ወደ ቦይ እንዳይደፋ፣ ሽፋኑም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ እንዳይሰበር ማድረግ የእርሱ ድርሻ ነው።